የደረጃ ወንበርና የከተማ አስተዳደር ድጎማ



የታሪፍ መጽሐፍ በየዕለቱ ለሚያገላብጥ የጉምሩክ አስተላላፊ የሚከተለው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ባለጎማው የአካል ጉዳተኞች ወንበር በታሪፍ ቁጥር 87.13 ሥር የራሱ ስፍራ ተሰጥቶታል፤ አርእስቱም የሚገለገልበትን ሰው ይጠራል። በመኖሪያ ቤት ደረጃ ላይ አረጋዊን ወይም መራመድ የተሳነውን ሰው ተሸክሞ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ወንበር ግን የሚመደበው በ84.28 ሥር ነው። ጎረቤቶቹም አሳንሰር፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ የጭነት ማጓጓዣ ቀበቶና በበረዶ ተራራ ላይ ሸርታቴ ተጫዋቾችን የሚያወጣው የገመድ ወንበር ናቸው። ይህ አመዳደብ ዓለም አቀፍ ስለሆነ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራው የጉምሩክ ሹም አይወቀስበትም። ሆኖም ዕቃው ከኮንቴይነር ሲወርድ ስለ መሣሪያው እንጂ ስለሚቀመጥበት ሰው የሚናገር ወረቀት አብሮት አይመጣም።

መሣሪያው እምብዛም የተወሳሰበ አይደለም። በደረጃው እርከኖች ላይ በብሎን የሚታሰር ሐዲድ፣ በሐዲዱ ላይ የሚሄድ ወንበር፣ አነስተኛ ሞተርና ባትሪዎች አሉት። ወንበሩ ከደረጃው ግርጌ ወይም ራስ ላይ ሲቆም ባትሪው ይሞላል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም የተቀመጠው ሰው በመካከል ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ይህም በአዳማና በሞጆ ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ይህን ወንበር የሚሻ አረጋዊ ወደ ሻጩ ከመሄዱ በፊት ለአካባቢው አስተዳደር ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቤቶች ድጎማ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ማስተካከያ የሚሰጠውን ገንዘብ በአካባቢው ምክር ቤት ላይ ግዴታ አድርጎታል። የድጎማው ጣሪያ በእንግሊዝ 30,000፣ በዌልስ 36,000 ፓውንድ ነው። ማመልከቻው ሲቀርብ የሰውን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚመረምር የጤና ባለሙያ ወደ ቤቱ ይላካል። ባለሙያው ሰውየው አልጋው ዘንድ ይደርሳልን? ወደ መጸዳጃ ቤት ያለ ረዳት ይገባልን? ምግቡን ያበስላልን? እያለ ይመረምራል። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ሥራው ለአመልካቹ አስፈላጊና ተስማሚ መሆኑን፣ ከቤቱም ዕድሜና ይዞታ አንጻር ሊሠራ የሚችል መሆኑን ነው። ምክር ቤቱ በ6 ወር ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። አስቀድሞ ገዝቶና አስተክሎ ደረሰኝ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን እንደ ደንቡ ባዶ እጁን ይመለሳል። በእንግሊዝ የአዋቂ አመልካች ገቢ ይመረመራል፤ በስዊድን ለዚሁ ዓላማ ድጎማ የሚሰጠው ኮሙን ግን የአመልካቹን ገቢ አይመዝንም።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸደቀ። የአዋጁ ትእዛዝ ግን የሚናገረው ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነው፤ ከግል ቤት ደፍ አልተሻገረም።

ልጆቻቸው ከውጭ አገር በላኩት ገንዘብ አዳማ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የተሠራላቸው አንዲት እናት ይታሰቡ። መኝታቸው ላይ፣ ጓዳቸው ታች ነው። ጉልበታቸው ሲደክም የመጨረሻው መፍትሔ የልጅ ልጅ ትከሻ ይሆናል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ደረጃው የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ሐዲድ ለማሰር የጎረቤቶች ፈቃድ ያሻል።

ለእኚህ እናት ወንበሩን የሚገዛ ድጎማ ይቋቋም ማለት የከተማ አስተዳደሩን ካዝና አለማወቅ ይሆናል። ሊጀመር የሚችለው ከወረቀቱ ነው። የከተማው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከጤና ጣቢያው ጋር ሆኖ አንድ ባለሙያ ወደ ቤቱ ቢልክና የሰውየውን ችግር በአንድ ገጽ ቢያሰፍር፣ ገንዘቡ በምን ላይ ቢውል እንደሚሻል ይታወቃል። ብዙ ጊዜም አልጋን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ በታች መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ በደጃፍ ላይ በሲሚንቶ ተዳፋት ማበጀት ይበቃል። ይህን የአካባቢው ግንበኛ ይሠራዋል፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። በእንግሊዝም ቢሆን ያው ድጎማ ለተዳፋት፣ በር ለማስፋትና ለምድር ቤት መታጠቢያ ይከፈላል። ወንበሩ የሚገባው ይህ ሁሉ ለማይሆንበት ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ያ አንድ ገጽ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ቢያያዝ፣ ቀረጥ ባይቀንስ እንኳ፣ ሹሙ ፊቱ የቀረበው ዕቃ ለማን እንደመጣ ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ ባለጉዳይ የማኅበሩን አባላት ምክር መጠየቁ አይቀርም፤ ምክሩም ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሊሰጥ ይገባል። ቀጥ ያለው ሐዲድ በልክ ተቆርጦ ለሌላ ቤት ይሆናል። የሚታጠፈው ግን ለአንድ ደረጃ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ነውና፣ ያገለገለውን በርካሽ ገዝቶ የሚልክ ዘመድ የብረት ቁርጥራጭ እንደላከ ይቁጠረው። ከአሜሪካ የሚመጣው ባትሪ መሙያ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ለአገሩ 220 ቮልት መስማማቱ በጽሑፉ ላይ ይታይ። ባትሪዎቹም በብዙ ሞዴሎች የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ናቸው፤ ሳይሞሉ በባሕር ላይና በወደብ ግቢ ወራት ከቆዩ ይሞታሉ። ስለሆነም ኮንቴይነሩ ሞጆ በደረሰ ሳምንት ሰነዱ ተሟልቶ ቢወጣ፣ ባለቤቱ ከመጋዘን ክፍያው ሌላ የባትሪ ዋጋ ይተርፈዋል።