ካርትሪጅ ውስጥ ስለሚጨመር ስፖንጅ
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አባላት በተገኙበት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ልጆቻችን «ቬፕ» ስለሚሉት ነው። «እኔ አላጨስ፣ ምን አገባኝ?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ነገር ግን ያለቀውን ካርትሪጅ ከፍተው፣ ከአሮጌ ትራስ ወይም ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጠው ሞልተው፣ ለባል ወይም ለልጅ ፈሳሽ የሚያንጠባጥቡ በመካከላችን አሉ። ሐሳቡ ገንዘብ መቆጠብ ነው። ቁጠባ የማኅበራችን መሠረት ስለሆነ ሐሳቡን አልነቅፍም። የምነቅፈው ስፖንጁን ነው።

ነገሩ እንደ ኩራዝ ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ስቦ ወደ እሳቱ እንደሚያደርስ፣ በካርትሪጁ ውስጥ ያለው ሙሌትም ፈሳሹን ይዞ ወደ ማሞቂያው ሽቦ ያደርሳል። ሽቦው ፈሳሹን ያተንነዋል፣ ሰውየው ይስበዋል። ሙሌቱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱን ፈሳሹ ይወስደዋል። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን የሽቦው ሙቀት በድንገት ይንራል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ሙሌቱ ራሱ ነው። «ተቃጠለ፣ ተቃጠለ የሚል ጣዕም መጣብኝ» ሲሉ የምንሰማው ይህን ነው።

የትራስና የፍራሽ ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ይህ ፕላስቲክ በሙቀት ሲፈርስ አይሶሳይኔት የሚባሉ፣ አስም የሚያስነሱ ኬሚካሎችን ያወጣል። ሲቃጠል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ ይወጣዋል። ሁለቱም መርዝ ናቸው። የትራስ ጥጥ የሚመስለው ፖሊስተርም በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የደረቀ ሽቦ ከዚያ በላይ ይግላል።

«በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ» የምትል አለች። ማጠብ እድፉን ያስለቅቃል፤ ፕላስቲኩ ግን ያው ፕላስቲክ ነው። «ለቆዳ የማይጎዳ ነው» የምትልም አለች። ለቆዳ የሚስማማ ሁሉ ለሳንባ አይስማማም። በ2019 በዚሁ በአሜሪካ በቬፕ ሳቢያ ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ ሰዎች እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ደርሰው ነበር፤ ከነዚህም 68ቱ ሞተዋል። ምክንያቱ ስፖንጅ አልነበረም። በዋናነት የተጠረጠረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል፣ በቅባትና በምግብ ማሟያ ውስጥ ያለምንም ችግር የምንጠቀምበት ነገር ነው። ሲተነፍሱት ግን ሳንባ አቃጠለ። የጤና ባለሥልጣናቱም አምራቹ ያላሰበውን ነገር አትጨምሩ፣ ዕቃውን አትለውጡ ብለው አስጠንቅቀዋል።

ሌላው ፈሳሹ ነው። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ቢውጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥራ በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በቡና ሲኒ አጠገብ የሚሠራ አይደለም። አንድ ልጅ ነክቶ ወይም ቀምሶ ከተገኘ፣ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ በ1-800-222-1222 ደውሉ። ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው በ911 ደውሉ።

ለአገር ቤት ዘመድ በሻንጣ ለመላክ የምታስቡም ካላችሁ፣ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንግድ የተከለከለ መሆኑን እወቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ያለቀ ካርትሪጅ አይከፈት፤ ይጣል። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ስፖንጅ የተሞላ ካለ ዛሬውኑ ይወገድ። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ እንደ መድኃኒት ተቆልፎ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ማቆም ስለሆነ፣ ባላችሁን ወይም ልጃችሁን ሳትቆጡና ሳታሳፍሩ አነጋግሩ። የሚሰደብ ሰው ተደብቆ ያጨሳል፤ የሚደመጥ ሰው ግን እርዳታ ይቀበላል። በ1-800-784-8669 ማቆም ለሚፈልግ በነጻ ምክር ይሰጣል፤ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ደውሉ።

የካርትሪጅ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። የሳንባን ዋጋ ግን በዕቁባችን ሁሉ ብንሰበስብ አንከፍለውም።