ከአፈር በታች ያለ በረዶ፦ ከማርስ እስከ ስሜን
አንደኛ አቅራቢ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. በማርስ ሰሜናዊ ሜዳ ያረፈችው ፊኒክስ የተባለች መንኮራኩር አፈሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስትቆፍር ባቄላ የሚያህሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ብቅ ብለው በአራት ቀን ውስጥ ጠፉ፤ ጨው እንዲያ ስለማይተን የውሃ በረዶ መሆናቸው ታመነ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ጠፉ እንጂ አልቀለጡም፤ የማርስ አየር እጅግ ስስ በመሆኑ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በኢትዮጵያ፣ ከጠዳ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት፣ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ (ማለትም ተጠቅጥቆ የሚንሸራተት የበረዶ ክምር) በተሸከሙት የስሜን ተራሮች ግን ሌሊት አፈሩን በመርፌ መሰል ዘንጎች የሚያነሣው ውርጭ ረፋድ ላይ ይቀልጣል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነችው ማርስ ደግሞ ደረቁ አፈር እንደ ጎታ ክዳን ሆኖ በረዶውን ያቆየዋል፤ ፊኒክስ የገለጠችው ያንኑ ክዳን ነበር።