የድረ ገጽ ሙያ ጀማሪና የትምህርት ምንጭ ምርጫ

የድረ ገጽ ፕሮግራም ለመማር የተነሣን ሰው የሚያስቸግረው የትምህርቱ ብዛት ነው። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ሲጀምር ይሰነብትና፣ አንዱንም ሳይፈጽም «ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ የችሎታ ሳይሆን የምርጫ ነው።

ስለዚህ ማናቸውንም ምንጭ በሦስት ነገር መመዘን ይገባል። አንደኛው ዘመኑ ነው። አዶቢ ኩባንያ ለፍላሽ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሟል፤ በፍላሽ ገጽ መሥራትን የሚያስተምር ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው እርማቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሞዚላ «ኤምዲኤን» ስሕተት ያገኘ ሁሉ እርማት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሦስተኛው መልመጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው «ፍሪኮድካምፕ» ተማሪው ኮዱን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ያደርግና ወዲያው ይመረምርለታል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

የትምህርቱም ቅደም ተከተል ሊጠበቅ ይገባል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ኤችቲኤምኤል፣ ቀጥሎ ሲኤስኤስ፣ ከዚያም ጃቫስክሪፕት ነው። የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት ስፍራ ከቪዲዮ ይልቅ የጽሑፍ ትምህርት ይመረጣል። ለመልመጃው የጽሑፍ ማዘጋጃና ብራውዘር ብቻ ስለሚበቁ፣ መስመሩ ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ለጀማሪው ረጅም ዝርዝር ማደል ሳይሆን፣ አንድ ምንጭ መርጦ መስጠትና እስኪፈጽመው ድረስ መከታተል ነው።