የወንዝ አማካይ ፍሰት ምን ያህል ይታመናል?



ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወንዙ በዓመት በአማካይ ምን ያህል ውሃ ያወርዳል ብሎ ነው። መልሱን ካለፉት ዓመታት መዝገብ ያወጣል። በዚሁም የነገው ወንዝ የትናንቱን ይመስላል የሚለውን እምነት ሳይመረምር ይቀበላል።

የዓባይ መዝገብ ይህን እምነት ሲፈታተነው ኖሯል። ግብፅና ሱዳን በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ሲዋዋሉ መሠረት ያደረጉት በአስዋን ላይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን አማካይ ነበር። ከ1899 በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ያህል የተመዘገበው አማካይ ግን ከ100 ቢሊዮን በላይ ነው። በ1913 ደግሞ የዓመቱ ፍሰት ከ50 ቢሊዮን በታች ወረደ። እንግዲህ አማካይ የሚባለው ቁጥር በተመረጠው ዘመን ይወሰናል ማለት ነው።

በግብፅ ለብዙ ዐሥርታት የሠራው እንግሊዛዊው የውሃ ሊቅ ሃሮልድ ሃርስት በ1951 ባሳተመው ጥናት፣ የጥጋብም የጥማትም ዓመታት ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው አሳየ። ስለሆነም ማጠራቀሚያው፣ እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ጋር ዝምድና የለውም ተብሎ ከሚሰላው ይልቅ መስፋት አለበት። ከ1979 እስከ 1987 የተከታተሉት ዝቅተኛ ዓመታት የአስዋንን ሐይቅ ክፉኛ አጉድለውት ነበር፤ የታደገው የ1988 ክረምት ሙላት ነው።

የዓለም ሙቀት መጨመር ይህን ችግር ያባብሰዋል። ወንዝ ማለት መሬት፣ ዕፅዋትና ፀሐይ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፍ ዝናብ ነው። በዓባይ ተፋሰስ፣ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ፣ የሚተርፈው ከዝናቡ ሩብ እንኳ አይሞላም። ለምሳሌ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200ው ወንዝ ይደርሳል እንበል። ዝናቡ በ50 ቢቀንስና ትነቱ ባለበት ቢቆይ የወንዙ ድርሻ 150 ይሆናል፤ የዝናቡ 5 በመቶ ጉድለት በወንዙ ላይ 25 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ ዝናብ ሲያንስ ትነቱም በመጠኑ ስለሚያንስ ጉዳቱ ይለዝባል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ትነትን ስለሚያበረታ ከዝናቡ ጉድለት መብለጡ አይቀርም።

የወደፊቱን ዝናብ በተመለከተ የአየር ንብረት ስሌቶች አይስማሙም፤ ገሚሶቹ ይጨምራል፣ ገሚሶቹ ይቀንሳል ይላሉ። በሙቀቱ መጨመር ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አማካዩ ባይለወጥ እንኳ ድርቁና ጎርፉ ሊበረቱ ይችላሉ።

በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህም ወንዙ በድንበሩ በኩል ከሚያወርደው የአንድ ዓመት ተኩል ውሃ ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ክፉ ዓመት ከበቂ በላይ ነው። አምስት ወይም ስድስት ክፉ ዓመታት ቢከታተሉ ግን በየዓመቱ ስንት ይለቀቅ፣ ስንትስ ይቀመጥ የሚለው ስሌት በ84 ቢሊዮኑ ዓይነት ቁጥር አይመለስም፤ የ1980ዎቹን ዓመታት በተርታ፣ ከዚያም የባሱትን በግምት አስገብቶ መፈተን ያስፈልጋል።