ሥራን በቅደም ተከተል ስለ ማቀድና ስለ ኮምፒዩተር ረዳትነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ነገርን በጊዜው መያዝ እንደሚገባ ማስተማራቸው ነው። እኛም ዛሬ ስለ ዕቅድ፣ ይልቁንም ዕቅድ ለማውጣት ስለሚረዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ጥቂት ቃል ለመናገር በፊታችሁ ቆመናል።

ነገሩ ለወላይታ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር ሥራ የጀመረውና ሕዝቡ «ዋዱ» እያለ የሚጠራው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን በሶዶ አድርጎ ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርን፣ የገበሬ ብድርንና የገጠር መንገድን በአንድ ዕቅድ አያይዞ ይሠራ ነበር። ማያያዙ ለምን አስፈለገ? ብድር ያላገኘ ድኻ ገበሬ ማዳበሪያ ሊገዛ አይችልም፤ መንገድ ከሌለ ማዳበሪያው አይደርስም፤ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያም ለዘሩ አይሆነውም። እንግዲህ የዕቅድ ጥያቄ «ምን እንሥራ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ከየትኛው ይቅደም?» የሚለው ጭምር ነው።

ይህንኑ ጥያቄ በሒሳብ ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ በአሜሪካ የዱፖንትና የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያዎች ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ ሥራዎቹ በቅደም ተከተላቸው ከተያያዙ በኋላ ከሁሉ የሚረዝመው ሰንሰለት ይፈለጋል፤ ሥራው የሚያልቅበትን ቀን የሚወስነው እርሱ ነውና። ዛሬ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትም ሆነ በነጻ የሚገኘው ፕሮጀክት ሊብሬ ይህንኑ ስሌት በቅጽበት ያወጣሉ።

በምሳሌ እናስረዳ። ክረምት ሳይገባ አንድ የመማሪያ ክፍል ለመሥራት አሰብን እንበል። መሠረቱ 10 ቀን፣ ግድግዳው 20፣ ጣሪያው 8፣ ልስኑና ወለሉ 12 ቀን ይፈጃል። ቆርቆሮና እንጨት ገዝቶ ማምጣት 18 ቀን፣ በርና መስኮት ማሠራት 25 ቀን ይወስዳል። ሁሉን ተራ በተራ ብንሠራ 93 ቀን ይሆናል። ነገር ግን ግዢውና የአናጢው ሥራ ከመሠረቱ ጋር በአንድ ቀን ቢጀመሩ ክፍሉ በ50 ቀን ያልቃል። ቆርቆሮው እስከ 12 ቀን ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ በ18 ቀን ፈንታ 35 ቀን ቢፈጅ ግን መጨረሻው ወደ 55 ቀን ይሸሻል። ያን ጊዜ ግንበኛ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መፋጠን ያለበት ግዢው ነው።

የፕሮግራሞች ሁለተኛ አገልግሎት ጥቂቱን ሀብት አብቃቅቶ ማከፋፈል ነው። ለምሳሌ ኤክሴል «ሶልቨር» የሚባል መሣሪያ አለው። ጠባቧን ማሳችንን ለበቆሎ፣ ለስኳር ድንችና ለእንሰት እንዴት እናካፍል ብለን ብንጠይቀው፣ በሰጠነው ቁጥር መሠረት የሚበልጠውን ትርፍ አስልቶ ይነግረናል። የዘንድሮን ገንዘብ ብቻ ካስገባን ግን እንሰትን ከማሳው ሊያስወጣው ይችላል፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃልና። ዝናብ በቀረ ዓመት ቤተ ሰብን የሚያቆየው እንሰት መሆኑን ኮምፒዩተሩ አያውቅም፤ እናቶቻችን ግን ያውቃሉ። ስለዚህ «እንሰት ከዚህ መጠን አይነስ» የሚለውን ደንብ የምንጽፍለት እኛ ነን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ኮምፒዩተር ፈጣን አስሊ እንጂ አሳቢ አይደለም። የቀኑን ብዛት ከግንበኛውና ከአናጢው፣ የማሳውን ጠባይ ከገበሬው ጠይቀን እውነተኛውን ቁጥር ካላስገባን የሚያምረው ሥዕል ያታልለናል። ኮምፒዩተር በሌለበትም ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሥራዎቹን እንዘርዝር፤ ቀዳሚውን ከተከታዩ እንለይ፤ ረጅሙን ሰንሰለት እንፈልግ። የወላጆቻችን ገንዘብና ድካም በከንቱ እንዳይባክን ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ይህ ነው።