ድምፃችን የሚቆጠረው የት ነው?

(ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ ስለ ዋይት ሃውስ አላወራችሁም። ስለ ፕሬዝዳንቱማ ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ እናድራለን። እኔ የማወራው ማንም ስለማያወራለት ስለ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ልብ በሉ፤ የቤት ግብራችሁን፣ የሰፈራችሁን አውቶቡስና ላይብረሪ፣ የፖሊሱን በጀት፣ የት ቦታ ምን ንግድ መክፈት እንደሚቻል የሚወስነው በአብዛኛው ይሄ ምክር ቤት ነው።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች የሚመርጣቸው ማነው? መላው ካውንቲ ነው ወይስ የየአካባቢው ሰው ብቻ? ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ግን አንድ ማኅበረሰብ ድምፅ አለው ወይስ የለውም የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

በቁጥር እንየው። አንድ ካውንቲ 100,000 መራጭና 5 ወንበር አለው እንበል። 20,000ዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጥግ ተሰብስበው ይኖራሉ። ምርጫው በመላው ካውንቲ ከሆነ፣ ሰዎች ደግሞ በየወገናቸው ከመረጡ፣ ለእያንዳንዱ ወንበር 80,000 ለ20,000 ነው። አምስት ጊዜ ተወዳድረን አምስቱንም እንሸነፋለን። ካውንቲው አምስት የምርጫ ክልል ላይ ተከፍሎ ያ ጥግ አንዱ ክልል ቢሆን ግን አንድ ወንበር የእኛ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ድምፁም ያው ነው። የተለወጠው የሚቆጠርበት ቦታ ብቻ ነው።

ይሄ የወረቀት ላይ ሂሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣና የደቡብ ጥቁሮች በብዛት መመዝገብ ጀመሩ። በዓመቱ፣ በ1966፣ የሚሲሲፒ ሕግ አውጪዎች ምን አደረጉ? ካውንቲዎች የቦርድ አባሎቻቸውን በየክልሉ መምረጥ ትተው በመላው ካውንቲ እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ! ማንንም አትምረጥ አላሉም እኮ። ምረጥ፣ ግን ድምፅህ ባሕር ውስጥ ይፍሰስ ነው ነገሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1969 ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ለውጥ የፌዴራል መንግሥት አስቀድሞ ሳያጸድቀው ሥራ ላይ መዋል የለበትም አለ።

ጆርጂያ ውስጥ በርክ የምትባል ካውንቲ አለች። ከ1911 ጀምሮ አምስቱም ኮሚሽነሮች የሚመረጡት በመላው ካውንቲ ነበር። በ1980 ቆጠራ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ጥቁር ኮሚሽነር ተመርጦ ያውቃል? አንድም! ለዘመናት ከምዝገባ ሲገፉ ስለኖሩ በመራጭ መዝገብ ላይ አናሳ ነበሩ፤ የቀረውን ደግሞ የምርጫው ሥርዓት ጨረሰው። ሕዝቡ ከሰሰ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካውንቲዋ በአምስት ክልል ተከፍላ እንድትመርጥ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። እነዚህ ሰዎች መብታቸውን ያገኙት በጩኸት ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ አውቀው፣ ማስረጃ ይዘው ነው የገቡት።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አለ አይደል? እንግዲያው ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ያንተ ጉዳይ ነው። ምክር ቤቱ 9 አባል ነበረው፤ 5ቱ ከየክልላቸው፣ 4ቱ ከመላው ካውንቲ፣ አት ላርጅ የሚባሉት። በኖቬምበር 2020 ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች በአንድ የምርጫ ወረቀት ላይ ቀረቡ። አንደኛው አት ላርጅ ይቅርና ዘጠኙም በየክልሉ ይመረጡ የሚል፣ ሌላኛው ወንበሩ 11 ሆኖ 7ቱ በየክልሉ፣ 4ቱ በመላው ካውንቲ ይሁኑ የሚል። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ጥሎ ሁለተኛውን አሳለፈ። በ2022 የተመረጠው ምክር ቤት በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ስንቶቻችን ነን ያኔ ያንን ወረቀት አንብበን የመረጥን? መልሱን ለየራሳችሁ ትቼዋለሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ በየክልሉ መምረጥ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። የሌላውንም ወገን ክርክር ስሙ። ሞንጎመሪ ውስጥ አንድ መራጭ ዛሬ አምስት ሰው ይመርጣል፤ የክልሉን አንዱንና አራቱን አት ላርጅ። ዘጠኙም በክልል ቢሆኑ ኖሮ አንድ ብቻ ነበር የሚመርጠው። የቀሩት ስምንቱ ደብዳቤ ብትጽፍላቸው «የኔ ክልል አይደለህም» ሊሉህ ይችላሉ። ደግሞ ክልል ካለ መስመር አለ፤ መስመር ካለ የሚያሰምር እጅ አለ። አንድን ሰፈር ለሁለት ለሦስት ከፋፍሎ ማዳከም ይቻላል፤ ሁሉንም አንድ ክልል ውስጥ አጭቆ ከሌላው ቦታ ማጥፋትም ይቻላል።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ክልል የሚጠቅመው ተሰብስቦ ለሚኖር ነው። እኛ ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከሀይዌዩ ማዶ፣ አንዱ ቤት ረከሰልኝ ብሎ ሩቅ ሄዷል። ለተበታተነ ሕዝብ የትም ክልል ላይ ብታሰምር አይበቃም። ለዚህም መላ አለ። አላባማ ውስጥ ቺልተን የምትባል ካውንቲ በ1988 ሰባት ኮሚሽነሮችን በመላው ካውንቲ መረጠች፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መራጭ ሰባት ድምፅ ነበረው፣ ከፈለገ ሰባቱንም ለአንድ ሰው መስጠት ይችላል። ጥቁሮች ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ነበሩ። ድምፃቸውን አንድ ሰው ላይ ከመሩትና ቦቢ ኤጂ የሚባል ጥቁር ተወዳዳሪ ከሁሉም በላይ ድምፅ አግኝቶ ገባ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ይሄው ነው። ድሩ የት እንደተዘረጋ ያላወቀ ግን ምንም አያስርም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምትኖርበትን እወቅ። ምክር ቤቱ ስንት ወንበር አለው? ስንቱ በክልል ነው? ያንተ ክልል ቁጥር ስንት ነው? አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ አምስቱም የቦርድ አባላት የሚመረጡት በመላው ካውንቲ ነው። እዚያ የሚያዋጣው ዘዴና ሞንጎመሪ የሚያዋጣው ዘዴ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ተቆጠር። መስመሩ እንደገና የሚሰመረው በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ነው፤ ቀጣዩ ቆጠራ 2030 ነው። ቆጠራው ዜጋ ነህ አይደለህም ሳይል ነዋሪውን ሁሉ ይቆጥራል። እናትህ ቅጹን ፈርታ ከመሳቢያ ውስጥ ከከተተችው፣ አብረሃት ተቀምጠህ ሙላላት። መስመሩ ሲሰመር ደግሞ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ አለ። ሂድና «ይህ ሰፈር አንድ ነው፣ አትቁረጡት» በል።

ሦስተኛ፣ ፕራይመሪን አትናቅ። አንድ ፓርቲ በሚያሸንፍበት ካውንቲ እውነተኛው ምርጫ እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የፓርቲ ፕራይመሪ ላይ ለመምረጥ በዚያ ፓርቲ ስም መመዝገብ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ዕድሜህ ገና ከሆነም ቤት አትቀመጥ። ሞንጎመሪ ውስጥ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከተማ በከተማዋ ምርጫ የ16 ዓመት ልጆችና ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው! በካውንቲ፣ በስቴትም ሆነ በፌዴራል ምርጫ ላይ ዜግነት የሌለው ሰው እዚያ መምረጥ አይችልም፤ ከመረጠም መዘዙ ከአገር እስከመባረር ሊደርስ ይችላል። ወላጆቻችሁን በደንብ አስረዱ።

ወገኖቼ፣ «አያዳምጡንም» ማለት ለምደናል። በርክ ካውንቲ ያሉትም አላዳመጧቸውም ነበር። እነሱ ግን «ድምፃችን የሚቆጠረው የት ነው?» ብለው ጠየቁ፣ መልሱን አገኙ፣ ከዚያ ሥርዓቱን አስለወጡ። እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምርጫ ክልላችሁን ቁጥር ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ ለአንድ ጓደኛችሁ ንገሩ።