አሮጌ ጀልባና ባለቤቷ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ቆመን ለመናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ደስታችን ታላቅ ነው። የመረጥነው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ይኸውም ያረጀች ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝቶ፣ አድሶና አስፈላጊውን ዕቃ አሟልቶ ስለ መያዝ ነው። «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ጀልባ ማውራት ምን ይረባል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ የጀልባ ብቻ አለመሆኑን እስከ መጨረሻው ያዳመጠን ሰው ይረዳዋል። ደግሞም ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ደረቅ መሬት አውጥተው ያደርቁታል። ታንኳን ሠርቶ መጨረስ የድካሙ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን እነርሱ ጥንትም ያውቁታል። እኛም ዛሬ የምንናገረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1892 ዓ.ም. ጆሽዋ ስሎከም የሚባል አንድ የመርከብ አዛዥ ሥራ አጥቶ ሳለ፣ ኢበን ፒርስ የሚባል ሌላ የመርከብ አዛዥ አንዲት ጀልባ ሰጠው። ስጦታዋ «ስፕሬይ» የምትባል፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ፌርሄቨን በምትባል ከተማ፣ ከባሕሩ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ተደግፋና ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ጀልባ ነበረች። ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ማለት 11 ሜትር ያህል ነው። የአካባቢው ሰዎች ስሎከም ወደ ሜዳው መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ ባዩት ጊዜ ሊያፈርሳት መስሏቸው ነበር። ሊያድሳት መሆኑን ሲሰሙ ግን ተገረሙና ያዋጣው እንደ ሆነ ደጋግመው ጠየቁት።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ንግግራችንን የምናቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። አሮጌ ጀልባ ያዋጣል ወይ?

አሮጌ ጀልባ ሁለት ዋጋ አላት። አንደኛው ለሻጩ የሚከፈለው ሲሆን፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ለጀልባዋ ለራሷ የሚከፈለው ነው፤ ይኸውም እንጨት፣ ምስማር፣ ቀለም፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዋጋ አንድ ቀን ተከፍሎ ያልቃል፤ ሁለተኛው ግን ጀልባዋ እስካለች ድረስ አያልቅም። ስሎከም ስፕሬይን በነጻ ቢያገኛትም፣ ለዕቃ ብቻ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፣ በጉልበትም 13 ወር ወጥቶባታል። የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ያልፈጸመውን ሥራ ግማሽ ላይ ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጀልባዋን ይመረምራል። ምርመራውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ወስፌ፣ አንድ ትንሽ መዶሻና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ጀልባዋ ከእንጨት የተሠራች እንደ ሆነች፣ ወስፌውን ቀስ አድርጎ በሳንቃው ላይ ሲጫነው ጤነኛ እንጨት ይቃወመዋል፤ የበሰበሰ እንጨት ግን እንደ ዳቦ ያስገባዋል። በተለይ ሊመረመር የሚገባው ንጹሕ አየር የማይደርስበት ጓዳ ጓዳው፣ ሳንቃዎቹ የሚጋጠሙበት ቦታና ከሥር እንደ ጀርባ አጥንት ሆኖ ጀልባዋን የተሸከመው ግንድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። እንጨትን ይበልጥ የሚያበሰብሰው ጨዋማው የባሕር ውኃ ሳይሆን የዝናብ ውኃ ነው። ብስባሹን የሚያመጣው ሻጋታ ጨው ሲበዛበት አይመቸውም፤ በጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ግን ጥሩ መኖሪያው ነው። ስለዚህ ጀልባ ዳር ላይ ቆማም ትጠፋለች።

ዛሬ ለሽያጭ ከሚቀርቡት አሮጌ ትናንሽ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ወለል ውስጥ በሁለት ንጣፍ መካከል የተቀበረ እንጨት ስላለ፣ ውኃ በብሎን ቀዳዳ ከገባ እርሱ ተደብቆ ይበሰብሳል። በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ደኅናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ግን እንደ ታፈነ ከበሮ ይሆናል። ገዢው የሰማውን መቀበል አለበት። ቀለሟ ስላማረው ብቻ ጆሮውን የሚክድ ሰው፣ በኋላ ውኃው መልሶ ያስታውሰዋል።

የጀርባ አጥንቷ የበሰበሰ ጀልባ ብትሆንስ? ስሎከም በአካባቢው የነበረ አንድ ጠንካራ የባሉጥ ዛፍ በመጥረቢያው ጥሎ አዲስ ግንድ አበጀላት፤ ጎድኖቿን በእንፋሎት አለስልሶ አጎበጠ፤ ሳንቃዋንም ለወጠ። ነገር ግን እርሱ ዕድሜውን በመርከብ ላይ ያሳለፈና የመርከብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያን ሙያ ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለችውን ጀልባ ትቶ ሌላ ቢፈልግ ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም።

ጀልባዋ ከተገዛች በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ታላቅ ነገር ነው። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያ ቀለም መቀባት ያምረዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በብስባሽ ላይ የተቀባ ቀለም ከብስባሹ ጋር ይረግፋል። ትክክለኛው ተራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ውኃ የሚያስገባው ሁሉ ይደፈናል። ቀጥሎ መሪዋና መሪው የተንጠለጠለበት ብረት ይጠበቃል። ከዚያ ምሰሶውና ምሰሶውን ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ይፈተሻሉ፤ ከሽቦው ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ቢገኝ ሽቦው ይለወጣል። ከዚያም ሸራው ይታያል። የፀሐይ ብርሃን የሸራን ክር ስለሚያደክም፣ ስፌቱን በጣት ጎትቶ መሞከር ያስፈልጋል። ቀለምና ቫርኒሽ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ አንድ ነገር እንጨምር። በደረቅ መሬት ብዙ ጊዜ የቆመች የእንጨት ጀልባ ሳንቃዋ ደርቆ ስለሚኮማተር፣ ውኃ ውስጥ እንደ ገባች ታፈስሳለች። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። የማያውቅ ሰው ግን ደንግጦ ስንጥቁን ሁሉ አጥብቆ ይወትፋል፤ ሳንቃው ባበጠ ጊዜ መሄጃ አጥቶ ምስማሩን ይነቅላል፣ ጎድኑንም ይሰብራል። እንግዲህ መሥራት ብቻ ሳይሆን መቼ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባም ማወቅ የሙያው ክፍል ነው።

ከዕድሳቱ በኋላ ዕቃ ማሟላት ይከተላል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ውኃ መቅጃ ባልዲ፣ መብራት፣ ኮምፓስ፣ መለዋወጫ ገመድ፣ መልሕቅም ያስፈልጋል። የመልሕቁ ገመድ ከውኃው ጥልቀት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚረዝም መሆን አለበት፤ አጭር ከሆነ መልሕቁ መሬቱን አይነክስም። እነዚህ ዕቃዎች በደኅና ቀን የከንቱ ወጪ ይመስላሉ። የተገዙት ግን ለደኅናው ቀን አይደለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ልናሳያችሁ እንፈልጋለን። ሮበርት ማንሪ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ «ፕሌን ዲለር» በሚባል ጋዜጣ የጽሑፍ አራሚ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የ30 ዓመት ዕድሜ ያላት አንዲት የእንጨት ጀልባ ገዛ። ስሟን «ቲንከርቤል» አላት። ርዝመቷ 13 ጫማ ተኩል፣ ማለት 4 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ጫፍና ጫፍ ከተቀጣጠሉ ሁለት አልጋዎች ብዙም አትበልጥም። ማንሪ መርከበኛ አልነበረም፤ ኑሮው በጠረጴዛ ላይ ነበር። ነገር ግን መዶሻ መያዝን ሳይንቅ ጀልባዋን አደሰ፣ ትንሽ ክፍልም ሠራላት፣ ብትገለበጥ እንኳ እንዳትሰጥም የሚያንሳፍፍ ነገር በውስጧ አኖረ፣ መብራትና ኮምፓስ አሟላላት።

በሰኔ ወር መጀመሪያ 1965 ዓ.ም. ማንሪ ብቻውን ከማሳቹሴትስ ተነሣና አትላንቲክን ሊያቋርጥ ወጣ። ማዕበል ከአንድ ጊዜ በላይ ከጀልባዋ ላይ ገፍቶ ባሕር ውስጥ ጣለው። ያዳነው ወገቡን ከጀልባዋ ጋር ያያዘው ገመድ ነው። መሪዋም በመንገድ ላይ ተሰበረበት፤ ራሱ ጠግኖ ቀጠለ። በ78ኛው ቀን፣ በነሐሴ 17፣ ፋልመዝ ከምትባለው የእንግሊዝ ወደብ ደረሰ፤ ብዙ ሕዝብም ወጥቶ ተቀበለው። ቲንከርቤል በኋላ በክሊቭላንድ ለሚገኝ የታሪክ ማኅበር ተሰጥታለች።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን፣ ያን ሰው ምን አሻገረው? ድፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ መሪዋ በተሰበረ ቀን ጉዞው ባበቃ ነበር። ሰባት ዓመት ከጀልባዋ ጋር ስለ ኖረ፣ የትኛው ብሎን የት እንዳለ፣ የትኛው ሳንቃ ምን ያህል እንደሚችል እጁ ያውቅ ነበር። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው የሚያገኘው ዕቃውን ነው፤ አሮጌውን በእጁ ያደሰ ሰው ግን ከዕቃው ጋር ዕውቀቱን ያገኛል። በችግር ጊዜ የሚረዳውም ይህ ሁለተኛው ነው። ስሎከምም ባደሳት ስፕሬይ ላይ በሚያዝያ 1895 ዓ.ም. ከቦስተን ተነሥቶ፣ ከ46,000 ማይል በላይ ተጉዞ በሰኔ 1898 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ብቻውን በጀልባ ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር።

ይህን ስንል ዕውቀት አደጋን ሁሉ ያስቀራል ማለታችን አይደለም። ስሎከም ራሱ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያችው ጀልባ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ባሕር ለማንም የገባው ቃል የለም። ሰው ማድረግ የሚችለው የራሱን ድርሻ ሳያጓድል መገኘት ብቻ ነው።

ከመካከላችን ባለ ጀልባ የሚሆነው ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን እግሩ የተነቀለ ወንበር፣ ማጠፊያው የላላ በር፣ ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ በየክፍላችን አለ። ይህን ስናይ «አዲስ ይገዛልን» ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ ወስፌውን እናንሣ፤ የቱ ጤነኛ፣ የቱ የበሰበሰ እንደ ሆነ እንመርምር። ብዕር የያዘ እጅ መዶሻ ቢይዝ አይዋረድም፤ የጋዜጣው ሰው ይህን አሳይቶናል። ትምህርት ቤታችንም ለዚህ በዓል የበቃው በየዓመቱ የተሰነጠቀውን የሚደፍኑ፣ የላላውን የሚያጠብቁ ሰዎች ስለ ነበሩት ነው። ተራው አሁን የእኛ ነው።